አንዴ ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት

ዱሮ ሽማግሌ የሚጠይቀው ዘር ማንዘር ነበር። አሁን ለአንድ ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ አንቲባዮቲክ ስለሚፈቀድ፣ የትርሲትን ወዳጅ ወክለው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር የመጡት ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው «የልጅቱ መድኃኒት አልተነካም አይደል?» አሉ።

እናቷ ሊዋሹላት ሲሉ ትርሲት ከጓዳ ብቅ አለች። «በሰባት ዓመቴ ለጉንፋን ውጬዋለሁ።»

«ለጉንፋን! ልጃችን በአንድ እሾህ ሚስቱን እንዲቀብር አንፈልግም፤ ተነሡ!» ብለው ሲነሡ የወንበሩ ምስማር አውራ ጣታቸውን ቧጨራቸው። ደሙን አይተው አመድ መሰሉ።

«ምነው ጋሼ? የእርስዎ አለልዎት አይደል?» አለች ትርሲት።

«ቁርጥ በልቼ ሆዴን ሲያጉረመርመኝ... ዋጥኩት» አሉ በሹክሹክታ።

ትርሲት እንደ ልማዷ በሳሙናና ፈልቶ በበረደ ውኃ ቁስሉን ደጋግማ አጠበችላቸው። «መድኃኒቷን ከጨረሰች ወዲህ እንዲህ እየታጠበች አንድም ቀን ታማ አታውቅም» አሉ እናቷ።

ጋሽ ደምሰው ጣታቸውን እንዳስያዙ «ተቀመጡ እንጂ፤ የሠርጉን ቀን እንቁረጥ» አሉ።

«ቆዩ እስቲ» አለች ትርሲት፣ «ልጃችሁ እጁን ይታጠባል?»