ይቅር ያለች ከሳሽ

አሮጊቷ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ እንዳሉ ዘርፉ ፊት ቆሙ። ከሁሩታ ድረስ የመጡት ለልጃቸው ነበር። ልጅየው የዘርፉን ክንድ በዱላ በመስበሩ ከፖሊስነት ተባሮ ነበር፤ ዛሬ ይግባኝ ሰሚው ፊት ይግባኙ ይሰማለታል። ልጅየው ቀበቶውን ተገፎ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። በናዝሬት ሙቀት የአሮጊቷ አንገት በላብ ራሰ። «በእመብርሃን ይዤሻለሁ! ይቅር ካላልሽኝ አላወርደውም» አሏት።

ዘርፉ እልኸኛ ነበረች፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ተዪው፣ የመንግሥት ሰው አይከሰስም» ሲላት እንቢ ብላ ነው እዚህ የደረሰችው። የእናት ነገር ግን አሸነፋት። «ይቅር ለእግዜር! ያውርዱት እማማ» ብላ በደህናው እጇ ድንጋዩን አጋዘቻቸው።

«እንግዲያው ክስሽ ሐሰት ነበር?» አላት ይግባኝ ሰሚው።

«ኧረ ጓድ፣ እውነት ነው! ይቅር ያልኩት እሳቸውን አይቼ ነው።»

«እዚህ ሽምግልና የለም። ወይ ተበድለሻል፣ ወይ የአብዮታዊውን ፖሊስ ስም አጥፍተሻል። ቀበቶውን ስጡት!» ወደ ልጅየው ዞረ። «ሥራህን በዚህች ሴት ጀምር።»

ልጅየው ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ ታጠቀና አንገቷን አንቆ ይጎትታት ጀመር። «እማማ፣ ይንገሯቸው እንጂ! ለምነውኝ አይደል?» ብላ ጮኸች።

አሮጊቷ የነጠላቸውን አፈር እያራገፉ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ዝም በይ እንጂ የኔ እመቤት» አሏት፤ «ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ አታስቸግሪው።»