የሁለት አያቶች ብርድ ልብስ

ሁለቱ አያቶች ለሚወለደው የልጅ ልጃቸው ከአዲስ ጨርቅ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ሊሰፉ ተስማምተው፣ ገና መቀስ ሳያነሱ ተጣሉ።

“ጨርቁ መጀመሪያ ይታጠብ፤ ኋላ ተሰብስቦ ጉድ እንዳይሠራን!” አሉ የነፍሰ ጡሯ እናት ወይዘሮ ዘነቡ።

“አዲስ ጨርቅ አጥቦ መስፋት የት አገር አለ? ወዙ አይጠፋም እንዴ?” አሉ የባልየው እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ነፍሰ ጡሯ እንባዋ ሲመጣ ጊዜ ክርክሩን ተዉና፣ ጨርቁን እኩል ተካፍለው በየቤታቸው ሊሰፉ ተለያዩ።

ወይዘሮ ዘነቡ ቤታቸው ገብተው ሳፋውን ውሃ ሞሉ። የልጃቸው ፊት ግን ድቅን አለባቸው። “ይሁን እንግዲህ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደስ ይበላቸው” ብለው ውሃውን ደፉና ጨርቁን ሳያጥቡ ሰፉት። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ሁለቱ ግማሾች ተጋጥመው ተሰፉ። ልጁም ተወለደና ገና በሳምንቱ ብርድ ልብሱ ላይ ሸና። ታጥቦ ሲሰጣ፣ የወይዘሮ ዘነቡ ወገን እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማድዶ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ወገን ለጥ ብሏል።

ወይዘሮ ዘነቡ ለጥ ያለውን በእጃቸው ዳሰሱና ቀስ ብለው ዞሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

“ለእርስዎ ብዬ እኮ በሳሙና ፈትጌ ነው የሰፋሁት!”