ከጉዲሳ የተደበቀው

ጉዲሳ ያን ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ አንድ ነገር ገባው። እቤቱ ውስጥ የሚደብቁት ነገር አለ።

ኮሮና ይዞት ኦክስጅን ላይ ከርሞ፣ ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ ወዳለው ቤቱ የተመለሰው፣ እንደ እሱ ትዝታ፣ ሰሞኑን ነው። ሳንባው ድኗል። አፍንጫው ግን ሽታ አይለይም፤ ጭንቅላቱም እንደ ድሮው አይደለም። ቦሌ ካርጎ አበባ ሲጭን ስለኖረበት ዘመን ቢጠይቁት፣ የትኛው ሳጥን ከየትኛው ቀድሞ እንደሚገባ ሳይሳሳት ይናገራል። ቁርስ መብላቱን ግን ሚስቱን ነው የሚጠይቀው። ሐኪሙ «በሽታው አንጎልህንም ነክቶታል፤ ታገስ» ብሎታል። ታገስ የሚባለው መድኃኒት ሲጠፋ መሆኑን ጉዲሳ አላጣውም።

ተነስቶ ፂሙን ሊላጭ መስታወት ፊት ቆመ። ግንባሩ ላይ የማያውቀው ጠባሳ አለ። ሆስፒታል ወድቆ ይሆናል፤ ማንም አልነገረውም። ወደ ሳሎን ሲወጣ ደግሞ የቡፌው መስታወት ተሰብሮ ካርቶን ተለጥፎበታል።

«ይሄን ማን ሰበረው?»

«ነፋስ» አለች ሚስቱ ደሪቱ። ከላይ እስከታች ጥቁር ለብሳለች።

«አንቺስ? ማን ሞተብሽ?»

«አክስቴ» አለች፣ ዓይን ዓይኑን ሳታየው።

ደሪቱ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ደላላን በምላሷ የምታባርር ሴት ናት። ዛሬ እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር ትደነግጣለች። ጎረቤታቸው ማሚቱም በደጃፉ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ሰላም አለችው። እሱ የታመመ ሰሞን የወለደችው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሰው ልጅ ሲያድግ አይታወቅም አለ ጉዲሳ በሆዱ፣ ለልጁም ሳቀለት።

ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ጥቁር ልብስ፣ የተሰበረ ዓይን፣ አንገት የሚደፋ ጎረቤት። ነገሩ ግልጽ ነው። በሽታው አልለቀቀውም፤ ሊሞት ነው፤ ከእሱ በቀር ሁሉም ያውቃል።

ሞቱን አልፈራም ማለት ውሸት ነው፣ ፈርቷል። ይበልጥ ያስጨነቀችው ግን ልጁ ፌናን ናት። አዳማ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። እሷን ሳያይ መሞት የማይቻል ነገር ሆነበት።

«ፌናንን ደውለሽ ጥሪልኝ።»

«ኔትወርክ የለም» አለች ደሪቱ፣ ፈጥና ወደ ግቢ ወጣች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያን ጠዋት ግን የጉዲሳ ጆሮ ለባለቤቱ አደላ። በመስኮቱ በኩል የዕድሩ ዳኛ የአቶ ደቻሳ ድምፅ መጣ።

«አሁንስ ይቅር ደሪቱ። ልቡ አይችለውም።»

«ሐኪሙ አትዋሹት ብሏል። ሲጠይቀኝ ምን ልበለው አቶ ደቻሳ? ለብቻዬ ከበደኝ።»

«እንግዲያው ኢምራንን ጥሪው። ጉልበት ያለው ሰው ይኑር።»

ጉዲሳ ከመስኮቱ ሸሸ። ጉልበት ያለው ሰው ምን ሊያደርግ? አፋፍሰው የማይመለስበት ሆስፒታል ሊያስገቡት ነው። ጫማውን አጥልቆ ወደ በሩ ሮጠ፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ደሪቱ ከፍታ ስትገባ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ዛሬን ልቀቁኝ። አዳማ ደርሼ ልጄን ልይ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

ደሪቱ አብራው መሬት ቁጭ አለች። ትልቁን ሰውዬ እንደ ሕፃን አቅፋ ወዘወዘችው።

ሦስቱ ተከታትለው ገቡ። አቶ ደቻሳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ባለጋራዡ ኢምራን ከነ ቱታው ነው። ማሚቱ በጆግ ውሃ ይዛለች። አቶ ደቻሳ ትንሿን ጠረጴዛ ወደ ጥግ ገፋ አደረጓት። ኢምራን ማንም ሳያዘው ሄዶ በጉዲሳና በቡፌው መካከል ቆመ።

«ልጄ ጉዲሳ» አሉ አቶ ደቻሳ፣ «ሁላችንም እንግዶች ነን።»

«አውቄዋለሁ» አለ ጉዲሳ። «እንደምሞት አውቄዋለሁ። ልጄን ብቻ አምጡልኝ።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንተ ኦክስጅን ላይ ሳለህ እሷንም ያው በሽታ ይዟት ነበር። አንተን እግዚአብሔር ማረህ። ፌናንን ወሰዳት።»

ጉዲሳ ተራ በተራ አያቸው። የተሳሳቱ መሰለው፤ ሊያርማቸውም ሞከረ።

«የምሞተው እኮ እኔ ነኝ።»

አቶ ደቻሳ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ያን ጊዜ ጮኸ። ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ነበር፤ ኢምራን ወገቡን ይዞ አስቀረው። ማሚቱ ፊቱን በውሃ አበሰችው። ደሪቱ «ልጃችን» እያለች ደረቷን መታች፤ እሱም «ልጃችን» አለ። ባልና ሚስት ተቃቅፈው፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ።

ፀሐይ ግቢው ውስጥ ስትገባ ጉዲሳን አልጋው ላይ አስተኙት። ኢምራን ጋራዡን ሊከፍት ሄደ። ማሚቱ ልጇን ልታበላ ወጣች። ደሪቱ የባሏን ጫማ ፈታችለት፤ እሱም ዓይኑን እንደከደነ እጇን ይዞ ትንፋሹ ቀስ በቀስ ረጋ።

«አይዞሽ ደሪቱ» አሉ አቶ ደቻሳ በሩ ላይ ቆመው፣ «ካለፈው ሳምንት መርዶ የዛሬው ይሻላል፤ ያኔ ቡፌውን ነበር የሰበረው።»