የካቶሊኮቹ መጽሐፍ ቅዱስ

እናንተስ፣ በቆዳ የተለበጠ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ሰውን ከሃይማኖቱ ያስወጣል ትላላችሁ? የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ጋሽ ወልደየስ ግን ያስወጣል ይላሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋን መዓዛን በመኪናቸው እዚሁ አሜሪካ፣ ሌክውድ ከተማ ድረስ አምጥተው፣ አንዲት አሮጊት የቤቷን አሮጌ ዕቃ በምትሸጥበት የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ መሀል ይቆጧት ጀመር።

"ቤትሽን የካቶሊክ መጽሐፍ ሞላሽው! ይህንንም ከገዛሽ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማርሽ አበቃ!"

"የድሮ ጥራዝ ስለምወድ እኮ ነው፣ ጋሼ። ወንጌሉስ ያው ወንጌል አይደል?"

"አይደለም!"

መዓዛ ደሟ ፈላ። ልጆቹን ማስተማር ነፍሷ ነበር፤ ያን አበባ የተቀረጸበት ቡናማ ቆዳ፣ ያን የነሐስ መቆለፊያ ትቶ መሄድም አልሆነላትም። "እስቲ ይያዙልኝ፣ ቦርሳዬን ልክፈት" ብላ መጽሐፉን አስታቀፈቻቸው። መቆለፊያው ላላ፤ ገጹ ሲገለጥ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ብቅ አለች። ጋሽ ወልደየስ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን ሳሙ፤ ግንባራቸውንም አስነኩ። ምን እንዳደረጉ የገባቸው ቀና ሲሉ ነው።

የመዓዛ ሳቅ ጋራዡን ሞላው። አሮጊቷ ሻጭ እንኳ ነገሩ ሳይገባት አብራ ሳቀች።

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመናኑ ሁሉ እየሰሙ ይመልሱልኝ፣ ጋሼ፤ አሁን የተሳለሙት የማንን መጽሐፍ ነው?"