ክፍል አሥራ አራት

ወደ አሰላ ተዛውረው የመጡት የባዮሎጂ መምህር ለተማሪ ቪዲዮ ሲያሳዩ ጥንቃቄያቸው ለጉድ ነበር። ቤታቸው ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዩታል፤ የማይሆነውን ቆርጠው ያወጡና በፍላሽ ይዘውት ይመጣሉ። «ራሳችሁ ያላያችሁትን ለልጅ አታሳዩ» ይሏቸዋል ወጣቶቹን መምህራን። እነሱም ምሳ አብረን እንብላ ሲሏቸው፣ «ባለቤቴ ትጠብቀኛለች» ብለው ይሄዳሉ። ከመጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት ፍላሹ አልከፈት አለ። ተማሪው እየጠበቀ ስለነበር፣ ስለ ኩላሊት የሚያስረዳውን ቪዲዮ ከራሳቸው ስልክ በቀጥታ ከፍተው ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኙት። ሰባት ደቂቃ በጸጥታ ታየ። ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ከቆሙበት ከክፍሉ ኋላ ተነስተው ሊያጠፉት ወደ ፊት መራመድ ጀመሩ።

ስልኩ ግን ቀደማቸው። እሳቸው ቤታቸው ሲከታተሉት የቆዩትን ሌላ ቪዲዮ በራሱ ጊዜ አስከተለ። የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ሰላም ውድ ተከታታዮቼ። የትዳር አጋራችሁን በሞት ካጣችሁ በኋላ ብቻችሁን ገበታ መቅረብን እንዴት ትለምዱታላችሁ? ዛሬ ክፍል አሥራ አራት ላይ ደርሰናል።»

መምህሩ በዴስኮቹ መካከል ቆመው ቀሩ። ፊት የተቀመጠችው ሲፈን ተነስታ ቪዲዮውን አጠፋችው። ደወል ተደወለ። ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ቲቸር» አለች ሲፈን፣ «ኩላሊቱ አልገባንም። እንደገና ያስረዱን።»