ደህና ነኝ የሚለው ጡት

ሕፃን ልጄን ከመሬት ላነሳ ስጎነበስ፣ ካንሰር በበላው ጡቴ ፋንታ የተተከለልኝ ሰው ሠራሽ ጡት እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ደረቴን ቀስፎ ያዘኝ። ጮኽኩ። ባለቤቴ ሳህሉ ፊቴን አላየም፤ ከቆዳዬ ሥር የምትበራውን የጡቱን ትንሽ መብራት አየ።

«አረንጓዴ ነው እኮ» ብሎ ምሳውን ቀጠለ።

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ ታማሚ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጡቱ ነው፤ «ደህና ናት» ሲል አረንጓዴ ያበራል። ጡቱ ደግሞ ሕመም ማወቅን የተማረው ከእኛው ከሴቶች፣ ከእኔ በፊት ከታከሙት መልስ ነው። ሐኪም «እንዴት ነሽ?» ባላቸው ቁጥር፣ ቁስላቸው እያመረቀዘ «ደህና፣ ተመስገን» ብለውታል። ጡቱም ያንን ስቃይ «ደህና» ብሎ ይዞት ቀረ። ትናንት ዶክተሯ መብራቱን አይታ፣ እንባዬን ሳታይ ሸኘችኝ።

የእጅ ፎጣውን መንጭቄ ደረቴ ላይ ደረብኩት።

«በል፣ መብራቱ የለም! እንደ ሰው እኔን ጠይቀኝ!»

ሳህሉ ደንግጦ ጉርሻውን መለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየ «እንዴት ነሽ፣ ስንዱዬ?» አለኝ።

የታመቀውን ሁሉ ልዘረግፍለት አፌን ከፈትኩ።

ምላሴን ይቁረጠውና፣ «ደህና፣ ተመስገን» አልኩት።