የቁልፍ ትምህርት

የሰፈሩ አዳራሽ በር ላይ ማስታወቂያው ሲለጠፍ መጀመሪያ የተመዘገበችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የበር ቁልፍ ሥራ ትምህርት በነፃ ይሰጣል ይላል። አዳራሹ ከዚያ በፊት ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ስንት ትምህርት ሰጥቷል፤ ለአንዱም ብቅ ብላ አታውቅም።

ልጆቿ ምክንያቱ ወዲያው ገባቸው።

ሁለቱም ትዳራቸው ሲፈርስ «ለጊዜው ነው እማዬ» ብለው በመርፌዋ ወደ ሠራችው ቤት የተመለሱ ጎልማሶች ናቸው። ጊዜው ግን አላልቅ አለ። መጀመሪያ ትልቁን ክፍል ያዙ። ቀጥለው የስፌት መኪናሽ ጩኸት እንቅልፍ ነሳን አሉና፣ መኪናውን አባታቸው መንገድ ዳር ትቶት ወደሄደው ባዶ ሱቅ ወስደው በጓጉንቸር ቆለፉበት። ቁልፉ ታላቁ ኪስ ውስጥ ነው።

«መኪናዬን መልሱልኝ» ስትል፣ «በስተርጅና ምን ያለፋሻል? አርፈሽ ተቀመጪ» ይላታል።

ማረፍ አልፈለገችም። ደጋግሞ መለመንም ሰለቻት።

አዳራሹ ውስጥ ቁልፍ ሠሪው አሮጌ የእንጨት በሮች ግድግዳ አስደግፎ ጠበቃቸው።

«አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሌባ አላሰለጥንም» አለ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፣ ከሷ በቀር። እሷ ቁልፉን ከበሩ ፈታች፣ ገጠመች፣ እንደገና ፈታች።

«እናቴ፣ አይደክምዎትም?»

«ስሰፋና ስተረትር ነው ያረጀሁት። ይልቅ ይሄ ብሎን ለምን ዝም ብሎ ይዞራል?»

«ቀዳዳው ሰፍቶ ነው። የክብሪት እንጨት ይክተቱበት።»

ታናሹ ልጅ ይህን በመስኮት አጮልቆ ሲያይ ቆይቶ ወደ ወንድሙ ገሰገሰ።

«አፈታቱን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች» አለው።

ታላቁ መላ አላጣም። በተከታዩ ቅዳሜ፣ እሷ ትምህርት ላይ ሳለች፣ መኪናውን ከሱቁ አውጥተው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ በብርድ ልብስ ሸፈኑት። ባዶውን ሱቅ መልሰው ቆለፉት።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» አለ እየሳቀ።

እናታቸው ስትመለስ ከብዷት የነበረውን ቦርሳ ወንበር ላይ አሳረፈች። ኮሪደሩ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ አየችና በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው።

ራት ላይ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ነገ ከሰዓት ሱቁ ጋ ጉዳይ አለኝ» አለች።

ወንድማማቾቹ ተያዩ።

«የምን ጉዳይ?» አለ ታናሹ።

«የራሴ ጉዳይ። የምትከለክሉኝ ከሆነ እዚያው መጥታችሁ ከልክሉኝ።»

«ማን ይከለክልሻል?» አለ ታላቁ፣ ሳቁን እየዋጠ።

በማግስቱ ምሳቸውን በልተው ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ገቡ። ያን ሁሉ ተምራ፣ ጓጉንቸሩን ከፍታ ባዶ ግድግዳ ስታይ ፊቷ ምን እንደሚመስል ለማየት ቸኩለዋል። ታናሹ ትንሽ አዘነላት።

«ትማርበት» አለው ታላቁ።

ሻይ ጠጡ፣ ደገሙ። እናታቸው አልመጣችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታላቁ «ፈርታለች፤ ድሮስ ወሬ ነው» አለና ተነሡ።

የቤቱ ደጃፍ ላይ ብርድ ልብሳቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ታጥቦ የደረቀ መሰላቸው። አጠገቡ የክብሪት እንጨት ስብርባሪ ወድቋል። ታላቁ ቁልፉን በሩ ላይ ሰካ፤ አልዞር አለው። ታናሹም በራሱ ቁልፍ ሞከረ።

ከውስጥ የስፌት መኪናው ይጮኻል።